ሦስት ቦታ የወደቀው አውሮፕላን

በስድሳ ዓመተ ምህረት የካቲት ውስጥ፣ አንድ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ የሱሉልታ ስልክ ቤት ሠራተኛዋ ሮማነወርቅ ሰበታ ስልክ ቤት ከምትሠራው ከማሪቱ ጋር ወሬ ይዛ ነበር። ደንቡ ይህን አይፈቅድም። ግን መስመሩ ጭር ሲልና አዲስ አበባ ማዞሪያ ላይ ያለችው ልጅ ደግ ስትሆን ሁለቱን ታገናኛቸዋለች፤ እነሱም የመንግሥትን ሽቦ በነፃ ያሞቁታል። የዛሬው ወሬ ስለ ጫማ ነው። ማሪቱ መርካቶ የገዛችው ጫማ በሦስተኛው ቀን ሶሉ ተገንጥሏል።

"ሄጄ ባለሱቁን ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ?" አለች ማሪቱ።

ምን እንዳለችው ሳይታወቅ ቀረ። በእጀታው ውስጥ ድም ድም የሚል ድርብ ድምፅ መጣ፤ ከዚያ የማሪቱ ጩኸት፣ ከዚያ ወንበር ሲወድቅ።

"ማሪቱ፣ ምንድን ነው?"

"ሰማዩ ፈነዳ" አለች ማሪቱ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። "እዚሁ ራሳችን ላይ። ቆይ ወጥቼ ልይ።"

እጀታውን ጠረጴዛ ላይ ጥላ ሄደች። ሮማነወርቅ ባዶውን መስመር እያዳመጠች ቆየች፤ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢሆን ነው። ከዚያ እሷ ያለችበት ቤት ራሱ ድም ድም አለ። የጣሪያው ቆርቆሮ ተንጫጫ፤ የቀለም ጠርሙሱ ተንከባሎ መዝገቡን ሰማያዊ አደረገው። ሮማነወርቅ በሩን ከፍታ ወደ መንገዱ ሮጠች። በእንዲህ ያለ ሰዓት የቱ ድምፅ ቀደመ፣ የቱ ተከተለ ብሎ የሚያሰላ ሰው የለም፤ እሷም አላሰላችም።

ሰማዩ ጥርት ያለ የበጋ ሰማይ ነበር። ደመና ቢገኝ ኖሮ ነጎድጓድ ነው ብሎ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለስ ነበር። አሁን ግን አንዱ ጄት ነው አለ፤ ሌላው እንጦጦ ላይ ጭስ አየሁ አለ። የከሰል አክሳዮች ጭስ ከእንጦጦ ጠፍቶ አያውቅም፤ የዚያን ቀን ግን ይህን ያስታወሰ አልተገኘም። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አውሮፕላኑ ፈንድቶ፣ ተቃጥሎ፣ ከእንጦጦ ወዲህ ወድቋል ተባለ። ከዚያ ሰዉ ወደ እማማ አረጋሽ ቤት ዞሮ አየ።

ሱሉልታ በሰማይ ላይ ያላት ሰው አንድ ብቻ ነው፤ የእማማ አረጋሽ ልጅ፣ መቶ አለቃ ዳኜ፣ ደብረ ዘይት ያለ አብራሪ። ስለዚህ በሱሉልታ ሰማይ የሚያልፍ ሁሉ የእሱ ነው። ወፍራም የመንገደኛ አውሮፕላን እንኳ ሲያልፍ ሴቶቹ "ዳኜ ነው" ይላሉ። እናቱ ቅቤ ነግደው ብቻቸውን ያሳደጉት አንድ ልጅ ነው። በዚያን ቀን እሳቸው እህታቸውን ሊጠይቁ መናገሻ ሄደው ነበር፤ ያ አንድ ደህና ነገር ሆነ።

ሮማነወርቅ መንገዱ መሃል ቆመች። ዳኜ እሁድ እሁድ በአራት ሰዓት ይደውላል። እናቱ ተጠርተው ከቤታቸው እስኪደርሱ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ እነዚያ አምስት ደቂቃዎች የእሱና የእሷ ናቸው። ስለ ዝናብ ያወራሉ፣ ስለ ሱሉልታ ጭቃ ያወራሉ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። ትወደዋለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለእሱም ቢሆን።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሁለት ሽማግሎች ስልክ ቤት ገቡ። አንዱ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ገብረየስ ናቸው፤ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ነገርን በመዝገብ ቋንቋ የሚናገሩ። ሌላው ኦቦ ቦጂያ ናቸው፤ ከከተማው ዳር የሚያርሱ፣ ቃላቸው ጥቂት የሆነ።

"ደብረ ዘይት ደውዪልን" አሉ ጋሽ ገብረየስ። "እርግጡን ሳናውቅ አንቀመጥም።"

መስመሩ ብዙ ቆይቶ ተገኘ። ያነሳው ሰው ድምፁ ትሁት ነው።

"መቶ አለቃ ዳኜን ነበር" አለች ሮማነወርቅ።

ሰውየው እጀታውን በእጁ ሸፍኖ ከሌላ ሰው ጋር ተንሾካሾከ። "አሁን መናገር አይችልም" አላት።

"ደህና ነው?"

"ቤተሰብ ናችሁ?"

"የእናቱ ጎረቤት ነኝ።"

"አይዟችሁ" አለ ሰውየው በጣም ለስለስ ብሎ። "ለእናቱ ግን አሁን አትንገሯቸው፤ ይደነግጣሉ። ነገ ጠዋት ቢደወል ይሻላል።"

ሮማነወርቅ የሰማችውን ቃል በቃል ለሽማግሎቹ ነገረች፤ ስትጨርስ ጋሽ ገብረየስ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በሌላ አገር እንዲህ ያለ ንግግር ሌላ ትርጉም ይኖረው ይሆናል። እኛ ዘንድ ሞት በስሙ አይጠራም። "ትንሽ አሞታል" ይባላል፣ "ደህና ነው" ይባላል፣ እናት እንዳትሰማ ይባላል። "አይዟችሁ" ከተባለማ ነገሩ አልቋል። የቀረው ነገር ቢኖር ድንኳን መትከል ብቻ ነው።

"እንግዲህ ተነግሮናል" አሉ ጋሽ ገብረየስ። "ነገ ጎህ ሲቀድ፣ አረጋሽ በሯን ሳትከፍት እንደርሳለን። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። አንቺም ልጄ ፊትሽን አስተካክዪ። ዛሬ ማታ እንዲህ ሆነሽ ካየችሽ ታውቃለች።"

ኦቦ ቦጂያ ሊወጡ ሲሉ ሮማነወርቅን አንዴ አዩዋትና ጋሽ ገብረየስን ተከተሉ። እሷን ምን ሆንሽ ያለ ሰው የለም። ማን ይጠይቃት? የስልክ ሠራተኛ ናት፤ የሰው ወሬ በእጇ ያልፋል እንጂ የራሷ ወሬ አላት ብሎ የሚጠረጥር የለም።

እማማ አረጋሽ የመጨረሻው አውቶቡስ ሲያወርዳቸው ወደ ቤታቸው ሳይሆን በቀጥታ ስልክ ቤት መጡ። በትንሽ ቅል የመናገሻ ማር ይዘዋል።

"ቅመሽማ" አሉ። "እህቴ ለዳኜ ብላ የሰጠችኝ ነው፤ ግን ካንቺ ተርፎ ይደርሰዋል። የዛሬውን ጉድ ሰማችሁ?"

"የምኑን?" አለች ሮማነወርቅ ማሩን በጣቷ እየነካች። አልጣፈጣትም።

"ያንን ፍንዳታ ነዋ። ራሳችን ላይ ነው የፈነዳ፤ መናገሻ፣ የእህቴ ጣሪያ ላይ። ዶሮዎቿ እንደወጡ ቀርተዋል። እዚህ ድረስ ሰምታችሁት ከሆነ ጆሯችሁ ረጅም ነው።" ሳቁና ጠጋ ብለው አዩዋት። "ዓይንሽ ምን ሆኗል?"

"ጭስ ገብቶበት ነው፣ እማማ።"

"በዚህ ቤት ደግሞ ምን ጭስ አለ?" አሉ፤ መልሱን ግን አልጠበቁም። "ማሩን እሁድ ለዳኜ እነግረዋለሁ። አንቺ ቀድመሽ እንዳትነግሪብኝ፤ ሁልጊዜ ወሬዬን ትቀሚኛለሽ።"

ሲሄዱ ሮማነወርቅ በሩን ዘግታ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሲወጣላት አንድ ነገር ጎረበጣት። እማማ አረጋሽ መናገሻ ጣሪያ ላይ ነው የፈነዳው አሉ። ማሪቱ ደግሞ ሰበታ ራሳችን ላይ ብላ ነበር። የሱሉልታ ሰው እንጦጦ ላይ ወድቋል ይላል። አንድ አውሮፕላን ስንት ጊዜ ይወድቃል? ደግሞም ሰበታ የፈነዳውን በእጀታው ሰማችው፤ የራሷን ቤት ያንቀጠቀጠው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

ወደ ሰበታ ብትደውል ስልክ ቤቱ ተዘግቷል። ከሰበታ ወደ ሱሉልታ መሃል ላይ ባለችው ቡራዩ ስልክ ያለው ሱሩር ሱቅ ነው፤ እሱም ዘግቶ ሄዷል። ሌሊቱን እንዴት እንዳነጋችው አይወራም። ሱሩር በንጋት ሱብሒ ሰግዶ ሱቁን እንደሚከፍት ታውቃለች፤ ስለዚህ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ስልክ ቤቱን ከፍታ በማዞሪያው በኩል ደወለችለት።

"በዚህ ሰዓት ማን ሞተ?" አለ ሱሩር።

"ማንም እንዳይሞት ነው የደወልኩት። ትናንት ያ ሲፈነዳ የት ነበርክ?"

"ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ እየመታሁ። ሁሉንም አይቻለሁ፤ ማንም ግን አያምነኝም። ከሰበታ በኩል መጣ። በጣም ከፍ ብሎ፣ እንደ መርፌ ብልጭ እያለ። ድምፅ የለውም።"

"እንዴት ድምፅ የለውም?"

"የለውም አልኩሽ። ዝም ብሎ መጥቶ፣ ዝም ብሎ በላዬ አልፎ፣ ወደ እናንተ መንገድ ገባ። ርቆ ከሄደ በኋላ ነው ድም ድም ያለብኝ፤ ከጣሪያው ከመውደቅ ለጥቂት ተረፍኩ። እዚህ ሰዉ ገፈርሳ ውሃ ውስጥ ነው የወደቀው ብሎ ሲፈልግ አመሸ።"

"ሱሩር፣ ስማኝ። ከጮኸ በኋላ አውሮፕላኑን አየኸው?"

"አየሁት እንጂ። እሱ ምን ቸገረው? እየሄደ ነው። ለዚህ እኮ ነው የፈነዳው ሌላ ነው የምለው።"

"ሌላ የለም" አለች ሮማነወርቅ። እጀታውን ሰቀለች።

አሁን ነገሩ በዓይኗ መጣላት። አውሮፕላኑ ከራሱ ድምፅ ይፈጥናል። ድምፁ ቀድሞ መጣሁ ሊል አልቻለም፤ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ተደራርቦ፣ እንደ ረጅም ቀሚስ ዘርፍ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ይከተለዋል። ዘርፉ ሰበታን ሲነካ ሰበታ ትጮሃለች፤ ቀጥሎ ቡራዩ፤ ቀጥሎ ሱሉልታ። እያንዳንዱ ከተማ አንዴ ብቻ ይደርሰዋል፤ እያንዳንዱም የእኔ ራስ ላይ ፈነዳ ይላል። ሱሉልታ ድም ሲላት ደግሞ አውሮፕላኑ ሱሉልታን አልፏል። የወደቀ ነገር ከቦታ ቦታ እየሄደ አይጮህም። ሮማነወርቅ በሩን እንኳ ሳትዘጋ ወጥታ ሮጠች።

የእማማ አረጋሽ ደጅ ላይ ሰባት ሰው ቆሟል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጋሽ ገብረየስ ለመናገር ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነው።

"አይንኩት" አለች ሮማነወርቅ፤ እጃቸው በሩን ሊያንኳኳ ተዘርግቶ ነበር። "ጋሽ ገብረየስ፣ አውሮፕላኑ አልወደቀም።"

በሹክሹክታ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ማሪቱን፣ መናገሻን፣ ሱሩርን። ጋሽ ገብረየስ አቤቱታ እንደሚሰማ ዳኛ አንገታቸውን አዘንብለው ሰሙ።

"ልጄ፣ ሐዘን ይህን ያስብላል" አሉ በርኅራኄ። "ያልተሰበረ ነገር እንደዚያ አይጮህም። አንድ ነገር መፈንዳት አለበት።"

እንባዋ መጣ። ያን ጊዜ ከኋላ በኩል ኦቦ ቦጂያ ተንቀሳቀሱ።

"አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ" አሏት መጀመሪያ። እንዴት አደርሽ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ከትናንት ጀምሮ እንዴት ነሽ ያላት የመጀመሪያው ሰው ናቸው። ከዚያ ወደ ጋሽ ገብረየስ ዞሩ። "እኔ አርባ ዓመት ጅራፍ ይዤ በሬ ተከትያለሁ። ጅራፍ ቀስ ብለው ቢያወዛውዙት ዝም ነው። ሲያፈጥኑት ጫፉ ጧ ይላል። አየር ላይ ነው የሚለው፤ በሬውን ሳይነካ። ምን ተሰበረ? ምንም። ጅራፉ ደህና፣ እኔ ደህና፣ በሬውም ደህና። ከፍጥነቱ ነው።"

ጋሽ ገብረየስ የተዘረጋ እጃቸውን ከበሩ መለሱ። "ያ የደብረ ዘይቱ ሰውዬስ? አይዟችሁ ያለው?"

"እሱን አላውቅም" አሉ ኦቦ ቦጂያ። "መርዶ ግን አንዴ ከወጣ አይመለስም። ስልክ እስኪደወል ብንጠብቅ ማን ይጎዳል?"

"መልካም" አሉ ሰብሳቢው። "በቀጠሮ ይደር። ሁላችሁም ተመለሱ፤ ቀስ ብላችሁ።"

ሰባት ሰው በእግሩ ጣት እየተራመደ ከሰው ደጅ ሲሸሽ ማየት በሌላ ቀን ያስቅ ነበር። ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ በሩ ሲጥጥ ብሎ ተከፈተና እማማ አረጋሽ ብቅ አሉ። ጋቢ የለበሱትን አዩ። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አዩ። በዚህ ሰዓት ሰባት ሰው ደጅ ላይ ለምን እንደሚቆም የማያውቅ አዋቂ ሱሉልታ ውስጥ የለም።

"ልጄን ነው" አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

ሮማነወርቅ ደርሳ ያዘቻቸው። "ደህና ነው፣ እማማ። እውነቴን ነው፤ አልሞተም።"

"አባቱ የሞተ ጊዜም ደህና ነው ነበር ያሉኝ" አሉ እማማ አረጋሽ። አልጮኹም፣ ደረታቸውን አልመቱም። የሮማነወርቅን ክንድ እንደያዙ "ስልክ ቤት ውሰጂኝ። ከራሱ አፍ ካልሰማሁ አላምንም" አሉ።

ሁሉም ተከትሎ ሄደ። ሮማነወርቅ ደወለች። ደብረ ዘይት ያነሳው ያ ትሁት ሰውዬ ነው። "አሁንማ መናገር ይሞክራል፤ ልጥራው" ብሎ ሄደ። እጀታውን ለእማማ አረጋሽ ሰጠቻቸው፤ ራሷ በማዳመጫዋ ሰማች።

"እማዬ?" አለ አንድ ወፍራም፣ የታፈነ ድምፅ።

እማማ አረጋሽ ትንሽ አዳመጡና እጀታውን ከጆሯቸው አራቁ። "ይሄ ልጄ አይደለም" አሉ። "ጓደኛውን ነው ያቀረቡልኝ።"

ሮማነወርቅም አላወቀችውም። ሁለት ዓመት ያዳመጠችው ድምፅ ይህ አይደለም። "ማን ነህ?" አለች።

"ዳኜ ነኝ፣ ሮማን። ጥርሴን ነቅለውኝ ነው። ጉንጬ አብጦ አፌ አይከፈትም። ትናንት ጭራሽ መናገር አልቻልኩም፤ ለእናቴ አትንገሩብኝ ብያቸው ነበር። ምን ሆናችኋል?"

"ትናንት አልበረርክም?"

"የት እበራለሁ? ቀኑን ሙሉ ተኝቻለሁ። ትናንት በእናንተ በኩል ያለፈው ጓደኛዬ ነው፤ ይኸው እዚህ ሻይ እየጠጣ ይስቅብኛል።"

ሮማነወርቅ የተባለውን ለእማማ አረጋሽ ነገረች። እሳቸው ግን የሚሸነገሉ ሴት አይደሉም። እጀታውን መልሰው ያዙ።

"ጥርስህን ሲነቅሉህ አለቀስክ?" አሉ።

"ትንሽ" አለ ድምፁ።

"ምን ብለህ?"

"እማዬ፣ ተዪኝ እንጂ። ሰው እየሰማ ነው። ደግሞ ስናገር ያመኛ...ል።"

ያን "ያመኛል" እንደ ሰባት ዓመት ልጅ ጎትቶ፣ መጨረሻውን ወደ አፍንጫው ወስዶ ነው ያለው። እማማ አረጋሽ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። "እሱ ነው" አሉ። "እንዲህ አድርጎ የሚነጫነጭ ሌላ ሰው እግዜር አልፈጠረም።" ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት።

ሌላ ጊዜ ስልክ ሲይዙ ያለ ሽቦ ደብረ ዘይት ድረስ እንዲሰማላቸው ይመስል የሚጮኹት ሴት፣ አሁን አንድ ቃል አልወጣቸውም። "ሃሎ? መስመሩ ተቆረጠ እንዴ?" አለ ዳኜ።

"አልተቆረጠም" አለች ሮማነወርቅ። "እየሰሙህ ነው። ብቻ ተናገር።"

"ምን ልናገር?"

"የፈለግከውን።"

ዳኜም ግራ እየገባው ማኘክ አቅቶት ሾርባ ብቻ እንደሚጠጣ፣ ሾርባውም ጨው እንደሌለው ተናገረ። እናቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለ ሾርባው ሰሙ። ውጭ ጋሽ ገብረየስ ጉዳዩ መዘጋቱን ለሰዉ አስታወቁ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አቀኑ፤ አንዷ እልል ልትል ስትል ሌላዋ አፏን ያዘቻት።

እማማ አረጋሽ ፊታቸውን ጠርገው ቀና ሲሉ ሮማነወርቅን አዩዋት። ያበጠውን ዓይኗን፣ ትናንት የለበሰችውን ልብስ፣ ከንፈሯን ነክሳ እንደቆመች። ብዙ አዩዋት።

"ለካ አንቺም ስታለቅሺለት ነው ያደርሽው" አሉ ቀስ ብለው። "ማንም ሳያጽናናሽ።"

ግንባሯን ሳሙት፣ እጀታውን እጇ ላይ አኖሩላትና ወጥተው በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

"እማዬ?" አለ ዳኜ።

"ወጥተዋል" አለች ሮማነወርቅ። "አሁን እኔ ነኝ።"

"ሮማን፣ ምነው ድምፅሽ?"

"ትናንት ሞተህ ነበር" አለችው። "እዚህ ሁላችንም ጋ ሞተህ ነበር። እኔ ጋ ከሁሉም በላይ።"

ሁለት ዓመት ሙሉ "እርስዎ" ስትለው ኖራ ዛሬ "አንተ" እንዳለችው ያስተዋለው ያኔ ይመስላል፤ ለመናገር ሁለት ጊዜ ሞከረ።

"እሁድ አልደውልም" አለ በመጨረሻ። "በአውቶቡስ እመጣለሁ። ጉንጬ ግን እስከዚያ የሚጎድል አይመስለኝም፤ አስቀያሚ ሆኜ ነው የምመጣው።"

"ና" አለችው።